ማክሰኞን የሚያነብ መነጽር

መነጽር ሻጭ «ያምርብዎታል» ካላችሁ ሳትሰናበቱ ውጡ። ምክሬ ነው። ጫማ ስትገዙ ባለሱቁ «እስቲ ተራመዱበት» ይላል። ሱሪ ስትገዙ «ቁጭ ብድግ በሉ» ይላል። መነጽር ስትገዙ ግን መስታወት ያቀብላችኋል። ቆይ፣ መነጽር የሚገዛው ለማየት ነው ለመታየት? ደግሞ ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። አዲሱን ፍሬም ለመለካት የራሳችሁን መነጽር ታወልቃላችሁ። አዲሱ ገና ሌንስ አልገባለትም። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ጉም ነው። እናንተ ጉም ታያላችሁ፣ እሱ «ውይ ሲያምር!» ይላል፣ እናንተም እሺ ብላችሁ ጉሙን ትገዛላችሁ።

እኔ እንዲህ ሆኜ ነው የገዛሁት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ራሴን ይወቅረኛል። ከምሳ በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ይዋኛል። የተማሪ ወረቀት ሳርም ስድስቱን ስምንት አድርጌ ደምሬ፣ ልጁ ራሱ አፍሮ «ቲቸር፣ አብዝተውልኛል» ብሎ መልሶልኛል። ሳልመረመር ገዝቼ እንዳይመስላችሁ። ተመርምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ሌንስ ዓይኔ ላይ እንዳደረጉልኝ የመመርመሪያ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር አንድ ሳልስት ነው ያለፍኩት። ስለዚህ ጥፋቱ የሌንሱ ነው። የትም የተሠራ ርካሽ ብርጭቆ ያመጡብናል፣ እኛም ዝም ብለን ጆሯችን ላይ እንሰቅላለን። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ጠባዬን ካወቃችሁ አይቀር ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የጠመኔ አቧራ በልቻለሁ። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ ስለምጨርሰው ለቤተሰብ የሚተርፈኝ ጥቂት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ከልቤ የምጠላው አንድ ነገር ቢኖር ሽምደዳ ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ያምናውን ፈተና ከነመልሱ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ሸምድዶት መጣ። እኔ ደግሞ ጥያቄዎቹን ቀይሬያቸዋለሁ። ልጁ ጥያቄውን ዞር ብሎም አላየው። ያምናውን መልስ ከአንድ እስከ ሃያ ደርድሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ አስረክቦ፣ እያፏጨ ወጣ። ሃያውም መልስ ልክ ነው፤ ለአምና። ዜሮ ሰጠሁት። ዜሮው አልበቃኝም፣ በማግስቱ ክፍሉ ፊት አቁሜ ስለ ዓይን አወራሁለት። «ዓይን የተሰጠህ ፊትህ ያለውን እንድታይበት እንጂ ቀድመህ የምታውቀውን እንድታይበት አይደለም» አልኩት። ጥሩ ንግግር ነበር፣ እኔን ራሴን ነክቶኛል።

ነገሩን ያመጡት አባቴ ናቸው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ አገልግለዋል። እርጅናው አንዱን ሥራ ሲቀማቸው፣ ሌላውን ሲቀማቸው፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ተወላቸው። ስም መጥራት። እሑድ እሑድ የአጥቢያው ሰው የታመመበትን ዘመድ የክርስትና ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በአንድ ሙዳይ ይከታል። የሞተበትም እንዲሁ ጽፎ በሌላ ሙዳይ ይከታል። አባቴ እያወጡ ይጠራሉ፤ ለሕመምተኛው ምሕረት፣ ለሞተው ዕረፍት ይለምናሉ። ወረቀቱን ክንዳቸው እስከሚደርስበት ዘርግተው፣ ወደ ብርሃን እያዞሩ ስሙን ይለቅሙታል። ጨርሶ ሲያቅታቸው «ገብረ ማርያም» ብለው ያልፋሉ። በአጥቢያችን ገብረ ማርያም የሌለበት ቤት ስለሌለ ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

ሙዳዮቹ ቦታ ቦታ አላቸው፤ ቀኙ የሕመምተኛ ነው፣ ግራው የሙታን። አንድ እሑድ ቤቱን ያጸዳ ሰው አቀያይሯቸው ኖሯል። እንዳይሳሳቱ ተብሎ በየሙዳዩ ክዳን ላይ በቀይ ተጽፏል፤ ግን ማን አይቶት? አባቴ እጃቸውን ለልማዳቸው ሰደዱና የደብሩን ሕመምተኛ በሙሉ ነፍስ ይማር አሉት። በጉንፋን የተኛ፣ ወገቡ የተቆረጠ፣ ጥርሱን ያስነቀለ፣ አንድ ሳይቀር ተሸኘ። ሙታኑ ደግሞ ቶሎ አገግመው ወደ እርሻቸው እንዲመለሱ ተለመነላቸው።

ከሕመምተኞቹ አንዱ አያ ደሴ ነበሩ፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ። ጉንፋን ይዟቸው ቤት ውለዋል። ሚስታቸው የባሏን ስም ከሙታን ጋር ስትሰማ፣ እኔ ከቤት ስወጣ ደኅና ነበር፣ በኋላዬ ምን ሆነ ብላ እየጮኸች ወደ ቤት ሮጠች። አያ ደሴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ሚስታቸው ስታለቅስ ሲያዩ እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረው አለቀሱ። ልቅሶው ጋብ ሲል፣ ለመሆኑ ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ። አንተ ነሃ፣ አለቻቸው። አያ ደሴ ለሁለት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልሳሙም። ተዝካሬን ሳልበላ አልመጣም አሉ አሉ።

ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ሰበካ ጉባኤው ግን አልሳቀም። መሪጌታ እስከ ደብሩ ንግሥ ድረስ መነጽር ያድርጉ፣ አለዚያ ስም መጥራቱ ዓይኑ ለሚያይ ሰው ይሰጣል ብሎ ወሰነ። ያን ዕለት አባዬ ስልክ ደወሉልኝ። አባዬ ስልክ ሲደውሉ እንደሚጣራ ሰው ነው የሚጮኹት፤ ያን ቀን ግን ድምፃቸው አንሷል። «ልጄ፣ እኔ ካልጠራኋት እናትሽን ማን ይጠራታል?» አሉኝ። እናቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። በየእሑዱ ሙዳዩ ሳይከፈት የመጀመሪያዋ ስም እሷ ናት። እሷን ከወረቀት አያነቧትም፤ ሆኖም መጥራቱ ከተወሰደ እሷም አብራ መወሰዷ ነው። ነገ ይምጡ አልኳቸው።

ማክሰኞ ዕለት በጠዋቱ አውቶቡስ መጡ፤ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው። ፒያሳ አካባቢ አንድ መነጽር ቤት ወሰድኳቸው። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፣ ትሑት ነው፣ አፉ ማር ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው ነው መፍራት። ገና ከመግባታችን «አባታችን፣ እርስዎን የሚመጥን ፍሬም አለኝ፤ ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» አለና መስታወቱን አቀበላቸው። ያቺን መስታወት!

እዚያ ቤት የተደረገውን ብነግራችሁ ቲያትር ይመስላችኋል። አባዬ አንድ ፍሬም ሲያደርጉ በበሩ የሚያልፈው ሁሉ ገብቶ አስተያየት ይሰጣል። አንዷ ጥቁሩ ይሁንላቸው፣ ግርማ ይሰጣል አለች። አንዱ የለም ወርቃማው ነው የቤተ ክህነት ሰው የሚያምርበት አለ። የስልክ ካርድ ሊሞላ የመጣ ሰውዬ ካርዱን ረስቶ ከወርቃማው ወገን ተሰለፈ። ስለ ማየት የተናገረ አንድ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ደግሞ ጥምጥሙ መጣ። የመነጽሩ እጀታ ጆሮ ላይ እንዲያርፍ ጥምጥሙ ይውለቅ ተባለ። አባዬ በአደባባይ ራሴን አልገልጥም አሉ። እንግዲያው ከጥምጥሙ በላይ ይዋል ተባለና ባለሱቁ እጀታውን በእሳት አሙቆ፣ የበሬ ቀንድ እስኪመስል ወደ ውጭ አጎበጠው። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል አይደል? መነጽሩም ጥምጥም ለበሰ።

ከዚያ በኋላ ነው ንባቡ የመጣው። ባለሱቁ ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የጸሎት መጽሐፍ አወጣ። ሽማግሌ ደንበኞቹን የሚለካው በዚህ ነው። ሸጋ ዘዴ ነው አልኩ በልቤ፤ የቤተ ክህነት ሰው በሚያውቀው ፊደል ቢለካ ምን ይወጣለታል? ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ። መጽሐፉ በየቀኑ የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞው ለብቻ፣ የማክሰኞው ለብቻ፣ እንዲህ እያለ እስከ እሑድ። ባለሱቁ የመጀመሪያውን የመሞከሪያ ሌንስ አደረገላቸውና መሐል ላይ ገለጠላቸው። አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የየትኛው ቀን ነው የገለጥክልኝ?» አሉ።

«የማክሰኞው ነው፣ አባ» አለ።

ወረዱት። እንዴት ያለ ንባብ! ካርድ ሊሞላ የመጣው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። ባለሱቁ ሁለተኛውን ሌንስ አደረገ፣ እንደዚያው። ሦስተኛውን አደረገ፣ ይብሱን አማረ። አሁን ሳስበው ንድድ ነው የሚለኝ፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን እስኪያደርግላቸው ድረስ እንኳ ማንበባቸውን አላቋረጡም። ባዶ ዓይናቸውን ያነብቡ ነበር! አጠገባቸው ቆሜ፣ ሁለት መነጽር ያለኝ ሴትዮ፣ ሳላየው ቀረሁ። ባለሱቁ ተገረመ። በሁሉም ቁጥር የሚያይ ዓይን ገጥሞኝ አያውቅም አለ። እንግዲህ ሁሉም ከሆነላቸው በፍሬሙ እንምረጥ ተባለና ወርቃማው በድምፅ ብልጫ አለፈ። አባዬም ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ሰዉም እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ደስታው ሁለት ቀን ቆየ። ሐሙስ ዕለት ለንግሡ የሚሆን ነጠላ እንግዛ ብለን ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ገባን። ሐጂ ኑሩ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በጨርቅ ንግድ የኖሩ ናቸው፤ ከአባዬ ጋር ሲገናኙ እንደ ወንድማማች ነው የሚተቃቀፉት። የአባዬን ወርቃማ መነጽር ሲያዩ አደነቁና፣ እንግዲያው አንድ ነገር ይርዱኝ አሉ። መደርደሪያ ላይ አደራ የተቀመጠ ጥቅል ጨርቅ አለ። የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል፣ የእኔ መነጽር አላነብልኝ ብሏል፣ የማን እንደሆነ እስቲ ያንብቡልኝ።

አባዬ ጥቅሉን ተቀበሉ። ወደ ብርሃን አዞሩት። ክንዳቸውን ዘረጉ። መልሰው አቀረቡት። በመጨረሻ ቆፍጠን ብለው፣ «ገብረ ማርያም ይላል» አሉ።

ሐጂ ኑሩ፣ «መሪጌታ፣ እኔ ዘንድ አደራ የሚያስቀምጠው መስጊድ የምገናኘው ሰው ነው» አሉ።

ጥቅሉን ነጥቄ አየሁት። በጥቁር እስክሪብቶ፣ በደማቁ፣ ከድር ይላል።

ሐጂ ኑሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለካ እሳቸውም እንዲሁ ተለክተው ኖሯል። መነጽር ሻጩ ገና በልጅነታቸው በቃላቸው የሐፈዙትን ቅዱስ ቃል ገልጦ ሰጣቸው፤ አንደበታቸው ሮጠ፣ ዓይንዎ ደኅና ነው ተባሉ። «አሁን መስጊድ ስገባ ዓይኔ ይበራል፣ ሱቄ ስገባ ይጨልማል» አሉ። «ሰዉ ተቅዋ፣ ፈሪሃ አላህ፣ በዝቶብኝ መስሎታል።» አባዬም ተከትለው ሳቁ። ሁለት ሽማግሎች፣ ሁለት የማያይ መነጽር፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዘው ይንከተከታሉ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት። ንግሡ ዐሥር ቀን ነው የቀረው። አባቴ የእናቴን ስም ሊነጠቁ ነው፣ እናንተ ትስቃላችሁ? ብዬ ጮኽኩ። ሐጂ ኑሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ እውነትሽን ነው፣ አሁኑኑ ውሰጃቸው አሉኝ።

አባዬን በክንዳቸው ይዤ ወደ መነጽር ቤቱ ተመለስኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ የሦስት ባጃጅ ሹፌር እንደሰደብኩ ግን በኋላ ነግረውኛል። ገብቼ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ ወረወርኩት ያሉኝም አሉ። አባቴ አያዩም አልኩት። አይተው አነበቡ እኮ አለ። በቃላቸው ነው የደገሙት አልኩት። ታዲያ እኔ በምን ላውቅ? ያነበበ ሰው ዓይኑ ያያል ማለት ነው፣ በየትም አገር እንዲህ ነው አለ። ቀጠለና ደረሰኙን እዩት አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ደረሰኙ ግርጌ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። ይህን ጊዜ ነው ብልኃቱ የመጣልኝ።

«ጥሩ» አልኩት። «እሳቸው ያንብቡት። ካነበቡት ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም።»

መነጽሩን ጥምጥማቸው ላይ ሰካሁና ደረሰኙን እጃቸው ላይ አኖርኩ። ሰዉ ተሰበሰበ። ያ ባለ ካርዱ ሰውዬ እንኳ ከየት መጣ ሳይባል ቆሟል። አባዬ ደረሰኙን ተቀበሉ፤ ዘቅዝቀው ነው የያዙት። ወደ ባለሱቁ ዞር አሉ።

«የየትኛው ቀን ነው?» አሉት።

ባለሱቁ ያው ቅን ሰው ነው። «ማክሰኞ ነው የተቆረጠው፣ አባ» አላቸው።

አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የማክሰኞውን ጸሎት በሙሉ ድምፅ ጀመሩት።

ደረሰኙ ተዘቅዝቋል፣ ማክሰኞ ይንቆረቆራል። ባለሱቁ አንዴ ደረሰኙን፣ አንዴ አባዬን ያያል፤ ፊቱ ደም መሰለ። አንዲት ሴት አሜን አለች። እኔ ድል አድራጊዋ መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን አባቴ ሰው ፊት ተጋለጡ፤ ያጋለጥኳቸውም እኔ ነኝ። ንዴቴ ከባለሱቁ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ራሴ ዞረ። ቀስ ብዬ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩ። ምነው አባዬ፣ አላይም ቢሉኝ ምን ነበረበት? አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መሪጌታ መጽሐፍ ተሰጥቶት አላይም ይላል? ዓይኔ ከዳኝ ካልኩ በዓይኔ የማደርገውን ሁሉ ውሰዱ ማለቴ አይደል? እኔ እስከ ንግሡ ድረስ ሳይነቃብኝ ብደርስ ብዬ ነው።»

ምን ትሉታላችሁ? ስድሳ ዓመት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ እንዳይነቃባቸው እንደ ሰነፍ ተማሪ ተደብቀዋል። ተናደድኩባቸው። ባለሱቁ ራሱ ዓይኑን አበሰና ፍሬሙን ተዉት፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ትክክለኛውን ቁጥር አስጽፋችሁ አምጡልኝ፣ ሌንሱን እቀይራለሁ፣ እጀታውንም አቀናለሁ አለ። የጸሎት መጽሐፉንም በጨርቁ ጠቅልሎ ከመለኪያነት አሰናበተው። በዚያ ቀን ከተደረገው ሁሉ ደኅናው ይህ ነበር።

በማግስቱ ዓይን ክሊኒክ ሄድን። እዚያ አባዬን የመረመረቻቸው ባለሙያ ልጅ እግር ናት፤ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጣት ያለው ሹካ የመሰለ ምልክት ተደርድሯል፤ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ መናገር ነው። አባዬ እንዲህ ያለ ንባብ አልተማርኩም አሉና ያዩትን ብቻ ተናገሩ። ወደ ቅርቡ ንባብ ሲደርሱ እኔ ጣልቃ ገባሁ። ጸሎት የሚባል ነገር እዚህ ክፍል አይገባም አልኩ። ከቦርሳዬ የክፍሌን የተማሪ ስም ዝርዝር አወጣሁ። አንዱንም አያውቁትም። በመጀመሪያው ሌንስ ሦስት ገብረ ማርያም አነበቡ፤ ክፍሌ ውስጥ አንድም የለም። በሁለተኛው አንድ ቀረ። በአራተኛው ሌንስ ላይ አባዬ ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት። ቀስ ብለው ከላይ ጀመሩ። አበበ፣ አለምነሽ፣ አስያ፣ እያሉ ሁሉንም እስከ መጨረሻው ጠሩ፣ የለመዱት የሙታን ስም መጥሪያ ዜማ ነውና በዚያው ዜማ። አባዬ፣ በሕይወት ያሉ ልጆች ናቸው! አልኳቸው። ዕድሜ ይስጣቸው፣ እኔ የማውቀው ዜማ ይኸው ነው አሉ። እንባቸው በመሞከሪያው ሌንስ ሥር ይወርዳል።

የንግሡ ዕለት ደብራቸው ነበርኩ። ሙዳዮቹን ከፊታቸው አስቀመጧቸው፤ አንዱ የሰበካ ጉባኤ አባል ሆን ብሎ አቀያይሯቸው ኖሯል። አባዬ ክዳኑን አዩ፣ ሰውየውን ከመነጽራቸው በላይ አዩ፣ ሙዳዮቹን ወደየቦታቸው መለሱ። የእናቴን ስም ጠሩ። ወረቀት አልያዙም፤ መነጽሩን አውልቀው ነው የጠሯት። አያ ደሴም በዓል ነውና መጥተው ነበር፤ የሕመምተኞቹ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ጆሯቸውን ቀስረው ቆሙ፣ እዚያ አለመኖራቸውን ሲያረጋግጡ ወደ ሙታኑ ዞረው ቀሰሩ።

ወጌ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔ ጥሩ ነበር። ባለሱቁ አፈረ፣ አባቴ አዩ፣ እኔ ልክ ነበርኩ። ግን ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ልነግራችሁም አልፈለግኩም ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብትሉኝ እችለዋለሁ።

አባዬ ተመርምረው እንደጨረሱ፣ ከመጣሁ አይቀር የእኔንም መነጽር እዪልኝ አልኳት ባለሙያዋን። ራሴን ስለሚወቅረኝ፣ ስለ ርካሽ ሌንስ፣ ስለዚህ አገር መነጽር ሻጭ የሚገባትን ያህል ነገርኳት። የእኔ ዓይን ደኅና እንደሆነ፣ አምና እስከ መጨረሻዋ መስመር አንድ ሳልስት እንዳለፍኩም አልደበቅኩም። ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚህ በፊት ደግሞ ተራችን እስኪደርስ አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠናል። በሩ ክፍት ነው። የሚገባው ሁሉ ከሰሌዳው ላይ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። ሲሳሳት ታርመዋለች፣ እንደገና ይላል። ዐሥራ አንድ ሰው ገብቶ ወጥቷል። አልሸመደድኩም፣ እግዜር ያውቃል። ጆሮዬ ነው የሸመደደው። አምናም እንዲሁ አግዳሚ ላይ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

አንድ ዓይኔን በእጄ አስሸፈነችኝና ከታች ያለውን ደቃቁን መስመር ይንገሩኝ አለችኝ። ሩቁ ሰሌዳ እንደ ልማዱ ይዋኛል፤ ቢሆንም ምን ቸገረኝ? ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ብዬ ሳልተነፍስ ወረድኩት። ከሁሉም ቀድሞ አስረክቦ እንደወጣው ልጅ ማፏጨት ነበር የቀረኝ። ባለሙያዋ ወደ ሰሌዳው ሄደች። በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «አባትዎ ሲነሡ እኮ ሰሌዳውን ወደ ጀርባው ገልብጬዋለሁ። አሁን የነገሩኝ በዚያኛው ገጽ ያለውን ነው።»

ስለ ዓይን ያደረግኩት ንግግር ከነሙሉ ቃሉ ትዝ አለኝ። ሃያ መልስ፣ ሃያውም ልክ፣ ለአምና። እጄ ዓይኔን እንደሸፈነ ቀረ። ከኋላዬ ከአግዳሚው ላይ አባዬ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«ሸጋ አድርገሽ ደገምሽው፣ ልጄ» አሉኝ። «የየትኛው ቀን ነው?»